የ12 ዓመት ልጅ ለምን በማታ ትማር?

የደረሰን ደብዳቤ

«ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። ስሜን እንዳታወጡብኝ። የባለቤቴ እህት ልጅ ካለፈው ጥቅምት ጀምሮ እኔ ጋ ናት። ዕድሜዋ 12 ነው። የመጣችው ከቢዮ አዋሌ በኩል ካለ ገጠር ነው። አባቷ ሞቷል፤ እናቷ አቅም የላትም። እዚያ 4ኛ ክፍልን ጨርሳለች፤ የተማረችው በኦሮምኛ ነው። እኔ ጠዋት ከ12 እስከ 3 ሰዓት፣ ማታ ደግሞ ከ11 እስከ 2 ሰዓት ሳምቡሳና ሻይ እሸጣለሁ። ባለቤቴ ባጃጅ ይነዳል። እሷ ከሌሊቱ 11 ሰዓት አብራኝ ተነሥታ ትሠራለች፤ የ2 ዓመት ልጄንም ትይዝልኛለች። ለእናቷ በየወሩ ትንሽ ብር እልካለሁ። ከልጆቼ ለይቼ አላያትም።

ዘንድሮ ላስመዘግባት ሰፈራችን ያለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሄድኩ። ጸሐፊዋ የልደት ሰርተፍኬት ከሌላት አንመዘግብም አለችኝ። የገጠር ልጅ ናት፣ አማርኛም አትጽፍም፣ ብትገባም 1ኛ ክፍል ነው አለች። መጨረሻ ላይ ደግሞ ቦታ ሞልቷል ተባልኩ። ስወጣ አንድ ሰው ተከተለኝና ለሻይ 3,000 ብር ካለሽ እኔ አስጨርስልሻለሁ አለኝ። ጎረቤቴ ደግሞ ‹አቦ ምን አስጨነቀሽ፣ ማታ ትማር፣ ቀን ታግዝሻለች› ትለኛለች። የ11 ዓመቱ ወንድ ልጄ የግል ትምህርት ቤት ነው የሚማረው፤ ለሁለት መክፈል አልችልም። ምዝገባው ሊያበቃ ነው። ብሩን ልክፈል ወይስ ማታ ትግባ?»

መልስ

እህቴ፣ ጊዜው አጭር ስለሆነ መጀመሪያ ጥያቄሽን ልመልስልሽ። ብሩን አትክፈይ። ማታም አታስገቢያት። ይህች ልጅ 5ኛ ክፍል፣ በቀን፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት መማር ይገባታል፤ መንገዱም አለ። ስለ ቤትሽም የምለው አለኝ። እሱን ወደ ኋላ አመጣዋለሁ። ሳትቀየሚ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

«የገጠር ልጅ ናት» ከሚለው ልጀምር። ከሁሉም ያናደደኝ እሱ ነው። ቢዮ አዋሌ የድሬዳዋ አስተዳደር አካል ነው። በ1996 በወጣው ቻርተር፣ በአዋጅ ቁጥር 416፣ የሚተዳደሩት ከዚራና መጋላ፣ ሳቢያንና ለገሃሬ የሚባሉት የከተማው ሰፈሮች ብቻ አይደሉም። የገጠሮቹ ዋሂልም፣ ጀልዴሳም፣ አሰሊሶም፣ ቢዮ አዋሌም አሉበት። ልጅቷ ፊደል የቆጠረችበት የገጠር ትምህርት ቤትና ሰፈርሽ ያለው ትምህርት ቤት የበላያቸው አንድ ነው፤ የድሬዳዋ አስተዳደር ትምህርት ቢሮ። ስለዚህ እሷ ከሌላ አገር የመጣች እንግዳ አይደለችም። ከአንዱ የቢሮው ትምህርት ቤት ወደ ሌላው የምትዛወር ተማሪ ናት። ጸሐፊዋ ፊት ስትቆሚ ይህን ቃል ተጠቀሚ፤ «አዲስ ምዝገባ» ሳይሆን «ዝውውር»።

ምናልባት መንደሯ ወሰኑን አልፎ ምሥራቅ ሐረርጌ ቢሆንስ? ያኔም መብቷ አይቀርም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 3 ላይ፣ ዜጎች ሁሉ በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች በእኩልነት የመጠቀም መብት እንዳላቸው ይናገራል። የመንግሥት ትምህርት ቤት ከእነዚህ አንዱ ነው። ከዚራ ለተወለደ ልጅ የተከፈተ በር ከገጠር ለመጣች ልጅ የሚዘጋበት ምክንያት የለም።

የልደት ሰርተፍኬቱ ነገር ትንሽ ይለያል። ሰርተፍኬት ያስፈልጋታል፤ ዛሬ ለትምህርት ቤት፣ ነገ ለመታወቂያ፣ ከዚያም ለፓስፖርት። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጁ በ2004 ቢወጣም ምዝገባው በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ በፊት የተወለዱ ልጆች፣ በተለይ የገጠሮቹ፣ ወረቀት ሳይኖራቸው ቢያድጉ ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። ጊዜው ያለፈበት ልደትም ይመዘገባል። የሚመዘገበው ግን ወላጅ በሚኖርበት ቀበሌ ስለሆነ፣ እናቷ ራሷ እዚያው ቀበሌዋ ሄዳ ማስመዝገብ አለባት። ይህ ቀናት፣ ምናልባትም ሳምንታት ይፈጅ ይሆናል። ልጅቷ እስከዚያ ደጅ መቆም የለባትም። ሰርተፍኬቱ እስኪደርስ በሌላ ማስረጃ እንዲመዘግቧት ጠይቂ። ሌላ ማስረጃ ደግሞ አላት። አራት ዓመት ሙሉ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ስሟንና ዕድሜዋን መዝግቦ ይዟል።

ስለዚህ ባለቤትሽ ቅዳሜ ባጃጁን አቁሞ ወደ መንደሯ ይሂድ። ከትምህርት ቤቷ የአራቱንም ዓመት ካርድና የመሸኛ ደብዳቤ ያምጣ። የመሸኛው ደብዳቤ ማኅተምና ፊርማ ይኑረው፤ «ወደ 5ኛ ክፍል ተዛውራለች» የሚልም ይጻፍበት። የክትባት ካርድ ቤት ውስጥ ከተገኘ እሱንም ይያዝ። ከእናቷ ደግሞ ልጅቷን አንቺና ባለቤትሽ እንድታሳድጓትና እንድታስተምሯት መፍቀዷን የሚገልጽ ወረቀት፣ መጻፍ ካልቻለች በጣት አሻራዋ፣ ቀበሌው ባለበት ይፈረም። ይህ ወረቀት ለአንቺም ጥበቃ ነው። ነገ አንድ ነገር ቢፈጠር «የማን ልጅ ናት?» ስትባዪ መልስ ይኖርሻል።

አሁን ወደ ትልቁ ነገር፣ ወደ ቋንቋው። 4ኛ ክፍልን የጨረሰች ልጅ አማርኛ ስለማትጽፍ ብቻ 1ኛ ክፍል ትግባ ማለት የተማረችውን ሁሉ መሰረዝ ነው። ማባዛትና ማካፈል ታውቃለች። አንብባ ትረዳለች። በኦሮምኛ ስለሆነ ዕውቀቷ አይቀንስም። 12 ዓመት የሞላት ልጅ ከ7 ዓመት ልጆች ጋር አንድ ዴስክ ላይ ብትቀመጥ ምን እንደሚሰማት አስቢው። ዓመቱን አትጨርሰውም። ራሷ ትቀራለች፤ ከዚያ «ትምህርት አልወድ አለች» ይባላል።

በድሬዳዋ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ይማራል። ይህ የከተማችን ትልቅ ሀብት ነው፤ በየሰፈሩ ግን ብዙ ወላጅ አይጠይቅበትም። ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ የተወሰነው በ1986 ትምህርት ፖሊሲ ነው፤ እንዲህ ያለችን ልጅ ማዳን የሚችለውም ይኸው ነው። ሰፈርሽ ያለው ትምህርት ቤት የኦሮምኛ ክፍል እንዳለው ጠይቂ። ከሌለው የኦሮምኛ ክፍል ያለው ቅርብ ትምህርት ቤት የቱ እንደሆነ ቢሮው ይነግርሻል። ትንሽ ቢርቅም እሱን ምረጪ። ባለቤትሽ ጠዋት ሥራ ሲወጣ ሊያደርሳት ይችላል።

«በኦሮምኛ ተምራ የት ትደርሳለች?» የሚል ሰው ይመጣብሻል። በደብዳቤሽ ባይኖርም ይህ ጥያቄ በድሬ ቤቶች ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚነሣ አውቃለሁ። መልሱ ይሄ ነው። 9ኛ ክፍል ስትደርስ ማስተማሪያው ለሁሉም እንግሊዝኛ ይሆናል። በአማርኛ የተማረውም፣ በኦሮምኛ የተማረውም፣ በሶማልኛ የተማረውም እዚያ ይገናኛሉ። የሚለያያቸው እስከ 8ኛ ክፍል የተማሩትን ምን ያህል ተረድተውት እንደመጡ ነው። በ2014 የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017ም ቁጥሩ 8.4 በመቶ ነው። ምክንያቱ ብዙ ነው። እኔ ግን 12ኛ ክፍል የሚወድቀው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ታች፣ ያልገባውን ትምህርት እየገለበጠ ባለፈበት ክፍል እንደወደቀ አምናለሁ። አማርኛውን አትፍሪ። ሳቢያን እየኖረች፣ ከልጅሽ ጋር እየተጫወተች፣ በዓመት ውስጥ አቀላጥፋ ትናገረዋለች።

ቦታ ሞልቷል ስላሉሽም ልናገር። የመንግሥት ትምህርት ቤቶች እንደሚጨናነቁ አውቃለሁ። መምህራኑ በአንድ ክፍል ብዙ ልጅ ይዘው እየደከሙ ነው፤ ለእነሱም አዝናለሁ። ግን ተመልከች። ለአንቺ ሞልቷል የተባለው ቦታ በር ላይ በ3,000 ብር ይሸጣል። ሰውየው ውሸቱን ከሆነ ብርሽን ይበላል፤ እውነቱን ከሆነ ደግሞ አንዲት 3,000 ብር የሌላት እናት ልጅ የሚገባበትን ወንበር ነው የሚሸጥልሽ። ከሌላዋ እናት ልጅ ቀምተሽ ለራስሽ ልጅ መስጠት እንደማትፈልጊ ከደብዳቤሽ ይገባኛል፤ ጥያቄውን የጻፍሽልን ደስ ስላላለሽ ነው። ደግሞ ጉቦ መስጠትም እንደ መቀበሉ ወንጀል ነው። 3,000 ብሩን ከቻልሽ ለዩኒፎርም፣ ለደብተር፣ ለጫማና ለቦርሳ አውጪው። የ12 ዓመት ልጅ ስለሆነች ሞዴስም አትርሺ። ብዙ ሴት ልጆች በየወሩ ከትምህርት የሚቀሩት እሱን የሚገዛላቸው አጥተው፣ ለመናገርም አፍረው ነው። ሳትጠይቅሽ ግዢላት።

በቃል የተነገረሽን እምቢታ ተቀብለሽ አትመለሺ። ጸሐፊዋ በቃል «አይሆንም» ስትል የሚመዘገብ ነገር የለም። ማንም አይጠየቅበትም። ወረቀት ስታስገቢ ግን ርዕሰ መምህሩ መልስ መስጠት ግድ ይሆንበታል። እንዲህ ብለሽ ጻፊ፤ ካልሆነም ልጅሽ ይጻፍልሽ፦

«ለርዕሰ መምህሩ። ጉዳዩ፦ የ5ኛ ክፍል የዝውውር ምዝገባን ይመለከታል። እኔ አመልካች በዚህ ቀበሌ ነዋሪ ስሆን፣ የማሳድጋት ተማሪ 4ኛ ክፍልን በድሬዳዋ አስተዳደር ገጠር ትምህርት ቤት አጠናቃለች። ካርዷንና መሸኛዋን አያይዣለሁ። የልደት ሰርተፍኬቷ በሂደት ላይ ስለሆነ እስኪደርስ በቀረበው ማስረጃ በኦሮምኛ ክፍል እንድትመዘገብልኝ፣ ቦታ ከሌለም ምክንያቱና የምትመደብበት ትምህርት ቤት በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።»

ስምሽን፣ ቀኑን፣ ፊርማሽን ጨምሪ። ሁለት ቅጂ አድርጊው። አንዱን አስገቢ፤ በሌላው ላይ «ገቢ» የሚል ማኅተምና ቀን አስመቺበትና ይዘሽው ሂጂ። ወረቀቱን ለጸሐፊዋ ሰጥተሽ እንዳትመለሺ። ርዕሰ መምህሩን ወይም ምክትላቸውን አነጋግሪ። በአክብሮት፣ ግን ቁጭ ብለሽ። ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ጸሐፊዋ ያለችውን ርዕሰ መምህሩ የማያውቁት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም፤ እኔ በክፋት ብቻ ነው አልልም፣ በምዝገባ ወቅት ሰልፉ ያማርራል።

እምቢ ካሉሽ ያቺን ማኅተም ያለባትን ቅጂ ይዘሽ ወደ ትምህርት ቢሮ። እዚያም ቅሬታ የሚቀበል ክፍል አለ። የትምህርት ቤቱን የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት ሰብሳቢም አነጋግሪ፤ እነሱ ወላጆች ስለሆኑ ይገባቸዋል። ከዚያ ካለፈ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት በአስተዳደር በደል ሲበድል አቤቱታ የሚሰማው እሱ ነው፤ አቤቱታ ለማቅረብም አይከፈልም። ስለ መዋጮ ቢያነሡብሽ ደግሞ፣ መዋጮ በወላጆች ፈቃድ የሚሰጥ ድጋፍ ነው። ከቻልሽ አግዢ፤ ካልቻልሽ ግን ለምዝገባ ቅድመ ሁኔታ ሊሆንብሽ አይገባም።

አሁን ቤትሽ ልግባ።

«ከልጆቼ ለይቼ አላያትም» ብለሻል። ከልብሽ እንደሆነ አምናለሁ። ልጅቷን ተቀብለሻል፣ አብልተሻል፣ ቤትሽ ከገባች ዓመት ሳይሞላት ልታስተምሪያት ተነሥተሻል። ብዙ ሰው ይህን አያደርግም። ግን ደብዳቤሽን መልሰሽ አንብቢው። የ11 ዓመቱ ልጅሽ ቀን ይማራል። እሷ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥታ ዘይት ፊት ትቆማለች፤ ሕፃን ትይዛለች፤ ማታ ደግሞ እስከ 2 ሰዓት ሥራ አለ። ለእናቷ በየወሩ ብር ይላካል። ይህ ከሠራተኛ በምን ይለያል? አንቺን ለመክሰስ አይደለም። ድሬም ሐረርም ስንቱ ቤት እንዲህ ያለች ልጅ አለች፤ ከገጠር «ልታግዝ» የመጣች፣ የዘመድ ልጅ የምትባል። ሁሉም ቤት ይወዳታል። ግን ደብተር የያዘችው ስንቷ ናት? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃን ልጅ ትምህርቱን የሚጎዳ ሥራ እንዳይሠራ ይከለክላል፤ የዘመድ ቤት ነው ብሎ የለየው ነገር የለም። ትምህርት ቤቱ በሩን ቢከፍትላት እንኳ ቤትሽ ያለው ሥራ ከሰዓቷ ካልተነሣ፣ ስሟ መዝገብ ላይ ይኖራል እንጂ እሷ ክፍል ውስጥ አትኖርም።

ለዚህ ነው የማታ ትምህርቱን የተቃወምኩት። የማታ ትምህርት ቀን ለሚሠራ አዋቂ የተዘጋጀ ነው። ክፍለ ጊዜው ያጥራል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት የተነሣች ልጅ ማታ 12 ሰዓት ክፍል ብትገባ ዴስኩ ላይ ትተኛለች። ከዚያ ጨለማ ውስጥ ብቻዋን ትመለሳለች። በዚያ መንገድ አንድ ነገር ቢደርስባት ዕድሜሽን ሙሉ ራስሽን ይቅር አትዪም።

ሒሳቡን ተያይዘን እንሥራው። ፈረቃ ካለ የጠዋቱን ጠይቂ። በድሬ ከሰዓት በኋላ በዚያ ሙቀት ትልቅ ሰውም ማሰብ ያቅተዋል፤ ከተማው ራሱ ሱቁን ዘግቶ የሚተኛበት ሰዓት ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ገብታ 6 ሰዓት ገደማ ትመለሳለች። አንቺ ሽያጭሽን የምትጨርሺው 3 ሰዓት ነው። ስለዚህ የሚጎድልሽ ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት፣ አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ አይደለም። በዚያች ሰዓት ሕፃኑን ማን ይያዝ? ባለቤትሽ አድርሷት ተመልሶ መያዝ ይችላል፤ የጠዋት ሥራ ቢቀርበትም ከሰዓት ያካክሰዋል። ካልሆነ ጎረቤትሽን ጠይቂ፤ አንቺም ሌላ ሰዓት የእሷን ልጅ ትይዣለሽ። ሳምቡሳውን ማታ ጠቅልላችሁ ካሳደራችሁ ጠዋት የሚቀረው መጥበሱ ብቻ ነው፤ ልጅቷም እስከ 12 ሰዓት ተኩል ትተኛለች።

የማታውን ሥራ ደግሞ ልጅሽም ይካፈል። 11 ዓመት የሞላው ልጅ ዕቃ ያጥባል፣ ሕፃን ይይዛል፣ ውኃ በጀሪካን ያመላልሳል። ወንድ መሆኑ አያግደውም። እሷም አንድ ሰዓት፣ ማንም ሳያዛት፣ ደብተሯን ይዛ የምትቀመጥበት ጊዜ ይኑራት። አብረው ይቀመጡ። እሱ አማርኛ ያስተምራት፤ እሷ ኦሮምኛ ታስተምረው። ድሬ ላይ ሁለቱንም የሚያውቅ ልጅ ሥራ ሲፈልግም፣ ሲነግድም ይጠቀማል።

ለእናቷ የምትልኪውን አታቋርጪ። ግን ልጅቷም ሆነች እናቷ ብሩ የጉልበቷ ዋጋ እንዳልሆነ ይወቁ። ትምህርት ስትገባ እንደማይቆም ለእናቷ አስቀድማችሁ ንገሯት። ካልሆነ ልጅቷ እናቷ እንዳትቸገር ብላ ራሷ «አልማርም» ልትል ትችላለች።

አንድ ሌላ ነገር። በደብዳቤሽ ውስጥ ጸሐፊዋ ተናግራለች፣ ደላላው ተናግሯል፣ ጎረቤትሽ ተናግራለች። ልጅቷ ምን እንዳለች ግን አልጻፍሽም። ዛሬ ማታ ሥራ ሲያልቅ አስቀምጪና ጠይቂያት። በኦሮምኛ ማውራት የሚሻላት ከሆነ ባለቤትሽ ያነጋግራት። የትኛውን ትምህርት ትወዳለች? ምን ትፈራለች? ከኦሮምኛው ክፍል ይልቅ የአማርኛውን ራሷ ከመረጠችም ምክንያቷን ስሚ፤ ያኔም ቢሆን 5ኛ ክፍል ገብታ በአማርኛ ትምህርት ድጋፍ እንዲሰጣት ጠይቂ እንጂ 1ኛ ክፍልን አትቀበይ።

ከመመዝገቧ በፊት አንድ ጥንቃቄ አለ። በካርዷ፣ በመሸኛዋና ወደፊት በሚመጣው የልደት ሰርተፍኬት ላይ ስሟ፣ የአባቷና የአያቷ ስም ፊደል በፊደል አንድ ይሁን። የገጠሩ ወረቀት በላቲን ፊደል፣ የከተማው በአማርኛ ፊደል ሲጻፍ ስም ይቀያየራል። 6ኛና 8ኛ ክፍል ለሚኒስትሪ ፈተና ስትመዘገብ ያኔ የሚፈጠረው ጣጣ ብዙ ነው። እናቷ ቀበሌ ስትሄድ የካርዱን ኮፒ ይዛ ትሂድና ከእሱ ላይ ያስገልብጡት። ባለቤትሽ ቅዳሜ ሲሄድ ካርዱን እዚያው ኮፒ የሚያደርግበት ስለማያገኝ፣ በስልኩ ፎቶ ያንሣውና ከተማ አትማችሁ ላኩላት።